ስልኩ በየማለዳው ስለ ጉልበቴ ሲጠይቀኝ

አያ መላኩ፣ አፈሩን ያቅልልህ።

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በሰው ፊት አንቱ እያልኩህ አርባ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ዛሬ እስክሪብቶው በእኔ እጅ ስለሆነ አንተ እልሃለሁ። ቅር አይበልህ፤ ቢልህም ከዚያ ሆነህ የምታደርገው የለም።

ይህን የምጽፍልህ እኔው ራሴ ነኝ፤ ማንም አልጻፈልኝም። ለሰፈሩ ሁሉ ማመልከቻ ስትጽፍ፣ የእድሩን መዝገብ ስትይዝ፣ ልጆቻቸው ለራቁባቸው እናቶች ደብዳቤ ስታነብ የኖርክ ሰው፣ ለእኔ ግን አንዲት ፊደል አላስቆጠርከኝም። የጎልማሶች ትምህርት ተከፍቶ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደብተር ይዤ ስወርድ ምን እንዳልከኝ አልረሳሁትም። «አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜሽ ልትቀድሺ ነው?» አልከኝ፣ በሰው መሀል። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ስቄ ስጨርስ ግን ወርጄ ተማርኩ። እጄ አሁንም እንደ ደከመ በሬ ነው የሚሄደው፤ ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። የማድቤቱን ቆርቆሮ ነፋስ ገንጥሎት አስመታሁት። መሬቱን የእህትህ ልጅ በእኩል ያርሰዋል። ጓሮ ያለው ዘይቱና ደርቆ ነበር፣ ዘንድሮ ከሥሩ አቆጥቁጧል። የመሬት ደብተሩ ላይ አሁን ያለው የእኔ ስም ብቻ ነው። ቀበሌ ሲጠሩኝ አሻራ ሊያስነኩኝ ቀለሙን አቅርበውልኝ ነበር፤ እስክሪብቶ ስጡኝ አልኳቸው። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ።

ጉልበቴ ግን የድሮው አይደለም። የቀኙን ኅዳር መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ከፍተው፣ የተበላውን አጥንት አውጥተው ብረትና ፕላስቲክ አስገቡበት። ምን እንደበላው አንተ ታውቃለህ። ይህን ቤት አቀበቱ አናት ላይ የሠራኸው አየሩ ስለተስማማህ፣ ሐይቁም ከዚህ ስለሚታይ ነው። አንተ ደጅ ተቀምጠህ ውኃውን ታያለህ፤ እኔ ያንኑ ውኃ በጀርባዬ አወጣለሁ። ቧንቧ እስኪገባልን ሃያ ስምንት ዓመት አወጣሁ። አንድ ቀን እንኳ ይህቺ ሴት እግሯን ለምን ትጎትታለች ብለህ አልጠየቅከኝም።

ያሳከመችኝ ልጃችን ዘርፌ ናት። ከሆስፒታል ስወጣ አዲስ አበባ እሷ ቤት ተኛሁ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ደጅ የሌለው ቤት። ሐኪሙ ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገረኝ። አዲስ ጉልበት ካልተለማመደ ይደርቃል፤ ጠባሳው ከውስጥ ይቆልፈዋል። ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንደሚታጠፈው ያህል መታጠፍ አለበት፣ ዘጠና ዲግሪ ይሉታል። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ተመልሼ እንድታይ፣ ያን ጊዜ ዘጠና ካልደረሰ አስተኝተው በግድ እንደሚያጥፉት ነገረኝ። ዘርፌ ደግሞ በዚያ ላይ የራሷን ጨመረች። «እማዬ፣ ዘጠና ካልደረሰማ ወደዚያ አቀበት አትመለሺም። ቤቱን እናከራየዋለን፣ አንቺ እኔ ጋ ትኖሪያለሽ» አለችኝ።

ክፋት የላትም። ክፋት ቢኖራት እሰድባት ነበር። ግን አያ መላኩ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ይህ ቤት አድክሞኛል፤ ስለደከምኩበት ግን የእኔ ነው። በማን አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ነው የማንን ደጅ የማየው?

ገናን ቤቴ ልዋል ብዬ ስለ እግዚአብሔር ለመንኳት፤ እሺ አለችኝ። ደሴ እየተመላለስሽ ተለማመጂ እንዳይሉኝ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሚኒባስ ውስጥ እግሬን ለማን ዘርግቼ እሄዳለሁ? ስለዚህ ሆስፒታሉ ውስጥ እግር የምታለማምደው ልጅ፣ ቤዛ ትባላለች፣ በዘርፌ አሮጌ ስልክ ላይ አፕ የሚሉትን ጫነችልኝ። አንተ ይህን ሳታይ ነው የሄድከው፤ ስለዚህ ልንገርህ። ስልኩን ስትከፍተው አንዲት ሴት ምንጣፍ ላይ ተጋድማ እግሯን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። ከሥሯ በአማርኛ ይጻፋል። «ተረከዝሽን ወደ መቀመጫሽ ሳቢ፣ አሥር ጊዜ» ይላል። እሷን እያየሁ እሠራለሁ። ስጨርስ ስልኩን ቅልጥሜ ላይ በመቀነቴ አስሬ ጉልበቴን ሳጥፍ፣ ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ ይናገራል። ያ ሁሉ አዲስ አበባ ለቤዛ ይደርሳታል፣ ኔትወርክ ካለ። ለመደወልማ ቤት ውስጥም ይሠራል፤ ይህን የሚልከው ኔትወርክ የሚገኘው ግን አንተ ትቀመጥባት የነበረችው ድንጋይ ላይ ብቻ ነው።

ዘርፌ መኪና ላይ ስታሳፍረኝ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ማንበብ ትችያለሽ ወይ ብላ። እችላለሁ አልኳት። እውነትም እችላለሁ። ያጠፋሁት በማንበብ አይደለም።

ጠዋት ስከፍተው፣ ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል። «ዛሬ ህመምሽ ምን ያህል ነው?» ይላል። ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ተደርድሯል፤ ዜሮው አጠገብ የሚስቅ ፊት፣ አሥሩ አጠገብ የሚያለቅስ ፊት አለ። መጀመሪያ ቀን አንብቤ ቁጭ አልኩ። ሰው እንዴት አደርሽ ሲለኝ ምን ብዬ ነው የምመልሰው? እግዚአብሔር ይመስገን ነው። ቤት ቢቃጠልም ተመስገን ነው፤ የሚብሰው ከመጣ በኋላ ነው ሌላው የሚወራው። ገና ጸሎቴን ሳላደርስ፣ በጠዋቱ ለስልክ አሞኛል ማለት ፈጣሪን ማማረር መሰለኝ።

ጎረቤታችን ዘሃራ፣ የታችኛው ቤቷ፣ ጠዋት ጠዋት እየመጣች አሥሩን ትቆጥርልኝ ነበር። ጥያቄውን አነበብኩላት። «ኧረ አብሽሪ! ችግር ለጌታ ነው እንጂ ለስልክ ይነገራል? አልሐምዱሊላህ በይው» አለችኝ። አልሐምዱሊላህ የሚል ቁልፍ ስለሌለው ዜሮን ነካንለት።

አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ ዜሮን ነካሁ። ሰው ቢሆን ፊቴን አይቶ ይጠረጥር ነበር። ስልክ ግን የነገሩትን ያምናል። ይህቺ ሴት ምንም አላመማትም ብሎ ሥራውን እያከበደ ሄደ። አሥሩን ሃያ አደረገው። ቁሚ አለኝ፣ ቆምኩ። ደረጃ ውጪ፣ ውረጂ አለኝ። ደረጃ ሲጠፋ የደጃፉን ድንጋይ ደረጃ አደረግሁት። ጥርሴን ነክሼ ሠራሁ፤ የባሰ ሲያመኝ እየዳንኩ ነው ብዬ አሰብኩ። የተሻለ ሰው ሥራ ይበዛበታል አይደል? እኔ የማውቀው እሱን ነው።

የከተራ ዕለት ታቦት ወደ ሐይቁ ሲወርድ ለማየት እስከ መንገዱ እወርዳለሁ ብዬ ስለነበር፣ በጠዋቱ ሃያውን ሁለት ጊዜ ሠራሁት። ቀትር ሳይሆን ጉልበቴ እንደ ዱባ አበጠ፤ ስነካው ይፋጃል። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ወረደ። ካህናቱ ሲዘምሩ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ አልጋ ላይ ሆኜ ሰማሁ። ሳስለካው፣ ሰባ አንድ ደርሶ የነበረው ሃምሳ ስምንት ሆነ። በማግስቱ ስልኩ እንደ ልማዱ ጠየቀኝ። አታምነኝም፣ አያ መላኩ፤ አሁንም ዜሮን ነካሁ።

የዚያኑ ቀን ቤዛ ደወለች። ነገሩ አልገባትም። ጉልበቱ ወደ ኋላ ሄዷል፣ ህመም ግን የለም ይላል። ምናልባት ሌላ ሰው ስልኩን ይነካብኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የምነካው እኔ ነኝ አልኳት። ታዲያ አያምዎትም ስትለኝ ተመስገን አልኳት። ከዚያ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ። «እማማ አልጋነሽ፣ እግዚአብሔርንማ ያመስግኑ። እኔን ግን አይሸንግሉኝ። እውነቱን ካልነገሩኝ በምን አውቄ ነው የምረዳዎት?»

ማን እንዲህ ብሎኝ ያውቃል? አሁን ስንት ነው አለችኝ። ስምንት አልኳት። ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ። ዕርቃኔን የወጣሁ መሰለኝ።

ሦስት ቀን ምንም እንዳልሠራ አዘዘችኝ። እግሬን ትራስ ላይ ከፍ አድርጌ እንድተኛ፣ በረዶ ስለማይገኝ የማድጋ ውኃ በጨርቅ ነክሬ እንዳስርበት ነገረችኝ። የህመም ክኒኑንስ እወስድ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለክፉ ቀን ብዬ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ አልኳት። ክፉው ቀን ዛሬ ነው አለች። ሳትስቅ ነው ያለችው፤ እኔ ግን ሳቅሁ።

ያን ሦስት ቀን ሰፈሩ ሐይቁ ዳር ውሎ ሲመለስ እኔ ጣራ እያየሁ አንተን አሰብኩህ።

ልትሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩህ፣ ሰኔ ላይ፣ ከወንበር ስትነሳ ግራ እጅህን ከጎድንህ በታች ተጭነህ ነበር የምትነሳው። እንጀራውን ቆርሰህ ቆርሰህ ለውሻው ትጥልለታለህ፤ በላሁ ትላለህ። ቀበቶህን ሁለት ጊዜ በሚስማር በሳኸው። የጤና ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ጋሽ መላኩ እንዴት ነዎት ስትልህ፣ ተመስገን፣ እኔ ምን እሆናለሁ አልካት። ሐይቅ ጤና ጣቢያም ሄደህ ያልከው ይህንኑ ነው። የአንተም ዜሮ ነበር። ጥቅምት ላይ ደሴ ስናደርስህ ሐኪሞቹ ምነው እስከ ዛሬ አሉን። ለቀስተኛው ሲጠይቀኝ በድንገት ነው አልኩ። ለዘርፌም እንዲሁ አልኳት።

በድንገት አልነበረም። ያላየሁ አይምሰልህ፤ እጅህንም አይቻለሁ፣ ውሻውንም አይቻለሁ፣ ቀበቶውንም አይቻለሁ። ያልጠየቅሁህ አንተ ጉልበቴን ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ ነው። እስቲ አንተም ዝም ብለህ ቻለው ብዬ ነው። ቂም ነበር፣ አያ መላኩ። የያዝከው እንደሚገድል አላወቅሁም፤ ባውቅ ኖሮ ግን እንዴት እንደምሆን ዛሬ መማል አልችልም። ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ። ላንተ ስነግርህ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ስልኩ ጠየቀኝ፣ ስድስትን ነካሁ። ወዲያው ሥራውን ቀነሰልኝ፤ አምስት ጊዜ ብቻ አለኝ፤ ከሥሩም «ቀስ በይ» ብሎ ጻፈልኝ። አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ቀስ በይ ብሎኝ የሚያውቅ ማንም የለም፤ እንዲህ ያለኝ ይህ ስልክ ነው።

አሁን የጻፍኩት ልክ አይደለም። እንዳልሰርዘው ወረቀቱ ይበላሽብኛል፣ ስለዚህ ከሥሩ ላርመው። ዘርፌ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ግሸን ስንሄድ፣ አውቶቡሱ ካወረደን በኋላ ያለውን አቀበት ስንያያዘው፣ አንተ እሷን ትከሻህ ላይ አድርገህ ከፊት ነበርክ። እኔ አራስነቱ ገና ከወገቤ ያልወጣ ወንድሟን አዝያለሁ፤ ነፍሱን ይማረው፣ ያም ልጅ አልቆየልንም። ደከመሽ ወይ አላልከኝም። ዞረህም አላየኸኝም። ግን እርምጃህን አሳጠርከው። ከኋላችን የነበረው ሰው ሁሉ እያለፈን ሄደ፤ አንተ ድንጋይ ድንጋዩን የምትመርጥ እያስመሰልክ ቀስ አልክ። ያን ጊዜ አውቄዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ውኃው በዛና ረሳሁት።

ከዚያ ቀን ወዲያ እውነቱን መንካት ያዝኩ። ስድስት፣ አምስት፣ ዝናብ የመጣ ዕለት ሰባት። ጉልበቴም በዚያው ልክ ቀስ እያለ ይከፈት ጀመር። ስድሳ ሁለት፣ ስድሳ ስድስት፣ ሰባ። ሰባ ስምንት ላይ ደርሶ ዘጠኝ ቀን ሙሉ እንደ በቅሎ ቆመብኝ። ጾሙ እየቀረበ ነው። ዘርፌ በየቀኑ ትደውላለች፤ ስንት ደረሰ ትላለች፣ የቀረውን እነግራታለሁ። ቤቱን በዓይኔ ስሰናበት ከረምኩ።

ዘሃራ አልተወችኝም። አንድ ጠዋት ቁጥሬን ስነካ አይታ፣ «እስቲ ወገቤንም ይጠይቅልኝ» አለችኝ፣ በቀልድ አስመስላ። ስንት ልበለው አልኳት። ብዙ አሰበች፤ ሰባት አለች። ከዓመት ዓመት ሰባት ነው አለች። ሠላሳ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረን፣ በሐዘንም በደስታም ስትታጠቅ ሳያት ወገቧ እንደሚያማት አላውቅም ነበር። እሷም እኔን ልክ እንደዚህ ሳትጠይቀኝ ነው የኖረችው። ከዚያ ወገቧን እየረገመች አሥሩን ቆጠረችልኝ።

ከጾሙ መግቢያ አራት ቀን ሲቀር ዘርፌ መጥታ ወሰደችኝ። ሆስፒታል ቤዛ በፕላስቲክ መለኪያ ለካችኝ። ሰማንያ ስምንት። እንደገና ለካችው፤ ሰማንያ ስምንት። ዘርፌ አንገቷን ደፋች። እኔ ወለሉን አየሁ። ለሁለት ዲግሪ ብዬ ቤቴን ላጣ ነው።

ሐኪሙ ህመሙ እንዴት ነው አለኝ። ምላሴ ላይ ተመስገን መጥታ ነበር። ዋጥኳት። ሲታጠፍ ጫፉ ላይ ስድስት ነው፣ ስቀመጥ ሁለት ነው፣ አቀበት ስወጣ አራት፣ ስወርድ አምስት ነው አልኩት። አንዱንም አልደበቅሁም። ስልኩን ተቀብሎ ቁጥሮቹን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። እነዚህ መጀመሪያ ያሉት ዜሮዎች ምንድን ናቸው ብሎ ጠየቀ። ቤዛ ከእኔ ቀድማ መለሰችለት። «እነሱ ህመም አይደሉም ዶክተር፣ ተመስገን ናቸው።»

ከእነሱ በኋላ ያለውን አየ። ቁጥሩ እውነት ከሆነበት ቀን ጀምሮ ጉልበቱ ተመልሶ ተዘግቶ አያውቅም፤ ቆሟል እንጂ ወደ ኋላ አልሄደም። እየተከፈተ ያለ ጉልበት አናስገድድም አለ። ቤቷ ሆና ስድስት ሳምንት ትቀጥል፣ ከዚያ እናያታለን ብሎ ለዘርፌ ነገራት። አንድ ነገር ግን ከልክሎኛል፤ በዚህ ጉልበት መንበርከክ የለም። ስግደት የለም ማለት ነው። ለነፍስ አባቴ ብነግራቸው ስቅለትን ቆመሽ ራስሽን ዝቅ እያደረግሽ ስገጂ አሉኝ። እሺ አልኩ። እኔ ስግደቴን ሁሉ ውኃ ስሸከም ጨርሻለሁ።

ስንመለስ ኮምቦልቻን እንዳለፍን ዘርፌ ድንገት ስለ አንተ ጠየቀችኝ። ያ የሐኪሙ ጥያቄ ሳያስታውሳት አልቀረም። አባዬ ያመው ነበር እንዴ አለችኝ። ያመው ነበር አልኳት። ታውቂ ነበር አለችኝ። አውቅ ነበር አልኳት። ለምን እንዳልጠየቅሁህም ነገርኳት፤ ቂሙን ሳልቀባባ። ደሴን አለፍን። ከሐይቅ ከተማ ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ መኪናውን አቆመች። እጇን መሪው ላይ እንዳደረገች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «የዛሬው ስንት ነው?» አለችኝ። አምስት አልኳት። የትኛውን እንደጠየቀችኝ፣ ጉልበቴን ይሁን ልቤን፣ እኔም አላጣራሁም።

አቀበቱን በከዘራ ወጣሁት። እሷ ከፊት ነበረች።

አሁን ቤቴ ነኝ። ጉልበቴ ትናንት ዘጠና ደርሷል፤ ነገ ሰማንያ ዘጠኝ ሊሆን ይችላል፣ ሆኖ ያውቃል። ስድስቱ ሳምንት ሲያልቅ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ደክሞኛል፤ ይህን ስጽፍልህ እንኳ ጣቴ ደነዘዘ። መቃብርህ ጋ ሳልመጣ ብዙ ወር ሆነኝ፤ ሰዎች ክረምት ላይ ሣሩ በዝቶበታል ብለውኝ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ቁልቁለት ስወርድ አምስት እንደሚያመኝ አውቄዋለሁ፤ በአምስት መውረድ እችላለሁ። በሚመጣው ሰንበት እወርዳለሁ።

እስከዛሬ ሰው ስለ አንተ ሲያነሳ ወይ ደግ ነበር ብዬ አሳጥራለሁ፣ ወይ በሆዴ እራገማለሁ። ሁለቱም ሰለቸኝ። ከእንግዲህ ስጠየቅ ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ፤ የአንተንም የእኔንም። ለዘርፌ ልጆችም እንደዚሁ እነግራቸዋለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ የምትታወሰው እንደነበርክ ነው፣ አያ መላኩ፤ ሳልጨምርልህ፣ ሳልቀንስብህ።

ሚስትህ አልጋነሽ